ከፎቶግራፍ ወደ ጥለት፦ ቀለምን በቁጥር የማስላት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

የዚህ ሥራ ዓላማ አንድን ፎቶግራፍ ሸማኔ እያየ ሊሠራበት ወደሚችል የጥለት ንድፍ የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ንድፉ በትናንሽ ቤቶች የተከፈለ ሰንጠረዥ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤት ከሽሮ ሜዳ ከገዛኋቸው 12 ዓይነት ባለ ቀለም ክሮች የአንዱን መለያ ቁጥር ይይዛል። ዝግጁ የሆኑ የምስል ማስተካከያ ፕሮግራሞች የአንድን ፎቶ ቀለማት ወደ ጥቂት የመቀነሱን ሥራ በአንድ ትእዛዝ ይፈጽሙታል፤ ነገር ግን ውጤታቸው ከክሩ ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ የጠቆረ ወይም ወደ ሌላ ቀለም ያዘነበለ ይሆናል፣ ልዩነቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተፈጠረም ለማወቅ አያስችሉም። ስለዚህ ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በቀር ምንም ዓይነት የምስል ቤተ መጻሕፍት (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የፕሮግራም ስብስብ) ሳልጠቀም፣ ከፋይሉ ባይቶች አንስቶ እስከ መጨረሻው ንድፍ ያለውን ስሌት ሁሉ ራሴ እጽፋለሁ።

የጀመርኩት ጄፍ ፖስካንዘር በ1980ዎቹ መጨረሻ ባዘጋጀው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፒፒኤም በተባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ዝርያው ተራ ጽሑፍ በመሆኑ ምስልን በእጅ ለመጻፍ ይቻላል። በመጀመሪያው መስመር የፋይሉ ዓይነት ምልክት፣ በሁለተኛው የምስሉ ወርድና ቁመት፣ በሦስተኛው ትልቁ ቁጥር ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለእያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ለተሠራበት ለእያንዳንዱ ትንሽ ነጥብ፣ ሦስት ሦስት ቁጥር ነው፦ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ። ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2 ፒክስል የሆነ ምስል ጻፍኩ። የላይኛው ረድፍ 255 0 0፣ 0 255 0 እና 0 0 255 ሲሆን የታችኛው ደግሞ 255 255 0፣ 255 255 255 እና 0 0 0 ነው። አጉልቼ ስከፍተው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ ታች ደግሞ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ሆኖ ታየ።

ክር የሚያቀልም ሰው ቀይና አረንጓዴ ቀለም ቢቀላቅል የሚያገኘው ጭቃ የመሰለ ጠቆር ያለ ቀለም ነው፤ እዚህ ግን ከ255 ቀይና ከ255 አረንጓዴ የሚወጣው ደማቅ ቢጫ ነው። ቀለም ማቅለሚያው ከነጭ ብርሃን ላይ እየቀነሰ የሚሠራ ሲሆን ስክሪኑ ግን በጨለማ ላይ ብርሃን እየጨመረ ይሠራል። የሥራዬ ጠቅላላ ችግር በዚህ ልዩነት መካከል የተቀመጠ ነው፤ ክሩ በመጀመሪያው ሕግ የተቀለመ ነው፣ ቁጥሮቹ ደግሞ በሁለተኛው ሕግ የተጻፉ ናቸው።

ጥቅምት 5

ከጽሑፍ ወደ ባይት ተሻገርኩ። 255 የተመረጠው አንድ ባይት 8 ቢት (እያንዳንዱ 0 ወይም 1 የሚይዝ ቦታ) ስላለውና በ8 ቢት ከ0 እስከ 255 ድረስ 256 ደረጃዎች ስለሚጻፉ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች በአንድነት 16,777,216 የተለያዩ ጥምረቶችን ይሰጣሉ። በድረ ገጽ ላይ ቀለም ለመጥቀስ የሚጻፈው ባለ ስድስት ሆሄ ኮድም እነዚሁ ሦስት ባይቶች በ16 መሠረት ተጽፈው ከመደርደራቸው በቀር ሌላ ምሥጢር የለውም፤ እያንዳንዱ ባይት ሁለት ሆሄ ይወስዳል።

ቢኤምፒ የተባለውን የምስል ፋይል ዓይነት አንባቢ ሳዘጋጅ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው አራት ነገሮች ነበሩ፤ ይህን የሚሞክር ሌላ ሰው ጊዜ እንዲቆጥብ እጽፋቸዋለሁ። በተለመደው የ24 ቢት ዓይነት የመጀመሪያዎቹ 54 ባይቶች የፋይሉ መግለጫ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹ የሚደረደሩት ከሰማያዊ ጀምረው በአረንጓዴ አልፈው በቀይ ነው፤ ረድፎቹም ከምስሉ ግርጌ ወደ ላይ ይቆጠራሉ። በተጨማሪም የእያንዳንዱ ረድፍ ርዝመት ለ4 እንዲካፈል ባዶ ባይቶች ይጨመራሉ፤ ወርዱ 3 ፒክስል የሆነ ምስል 9 ባይት የሚበቃው ቢሆንም በፋይሉ ውስጥ 12 ይይዛል። ስለ ቅደም ተከተሉ የማነሣው፣ ሦስቱ ቁጥሮች ብቻቸውን ምንም ዓይነት ቀለም ስላልሆኑ ነው። የትኛው ቁጥር የየትኛው ብርሃን እንደሆነ፣ ቁጥሩም ምን ያህል ብርሃን እንደሚወክል አስቀድሞ የተደረገ ስምምነት ከሌለ 168 24 38 የሚለው ባዶ የቁጥር ዝርዝር ነው። ስምምነቱ ሲጓደል የቀይና የሰማያዊ ቦታ መለዋወጥ ወዲያው በዓይን ይታያል፤ የብርሃን መጠኑ ስምምነት ሲጓደል ግን ምስሉ እንደ ደህና ምስል ስለሚታይ ጉዳቱ ሳይታወቅ ያልፋል።

ጥቅምት 12

ዛሬ ምስልን የማሳነሱን ክፍል ጀመርኩ። ለሙከራ የያዝኩት ፎቶ ወርዱ 4,000፣ ቁመቱ 3,000 ፒክስል ነው፤ ይህም ሳይጨመቅ 36 ሚሊዮን ባይት ማለት ነው። ንድፉ ደግሞ 120 በ90 ቤቶች ይኖሩታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የንድፍ ቤት ከ1,100 በላይ ፒክስሎች አማካይ መሆን አለበት፤ ቀላል የመደመርና የማካፈል ሥራ ይመስላል፣ ግን ከዚህ ሁሉ ሥራ ዋናው ጥያቄ የተቀመጠው እዚህ ነው።

አንድ ጥቁር ረድፍና አንድ ነጭ ረድፍ እየተፈራረቁ የሚሄዱበት ምስል ሠራሁ። ከግማሹ ብርሃን ይወጣል፣ ከግማሹ አይወጣም። ከአጠገቡ በአንድ ወገን ቁጥሩ 128 የሆነ ግራጫ፣ በሌላው ወገን ቁጥሩ 188 የሆነ ግራጫ አስቀመጥኩ። የ0 እና የ255 አማካይ 127.5 በመሆኑ፣ ቁጥሩ የብርሃን መጠን ቢሆን ኖሮ ከሩቅ ሲታይ ረድፉ ከ128 ጋር መመሳሰል ነበረበት። ከስክሪኑ ጥቂት እርምጃ ርቄ፣ መስመሮቹ ለዓይን አንድ ወጥ ግራጫ ሆነው እስኪዋሐዱ ጠብቄ ስመለከት ግን የተመሳሰለው ከ188 ጋር ነው፤ 128 የሆነው ግራጫ በጣም ጨለማ ሆኖ ተለይቶ ይታያል። ሙከራው የሚሠራው ምስሉ ሳይጎላና ሳያንስ፣ አንዱ የምስል ፒክስል በአንዱ የስክሪን ፒክስል ላይ ሲያርፍ ብቻ ስለሆነ ይህ መረጋገጥ አለበት።

ምክንያቱ በሂውሌት ፓካርድና በማይክሮሶፍት በ1996 ቀርቦ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው ኤስአርጂቢ የተባለው ስምምነት ነው፤ አብዛኛው የድረ ገጽ ምስልና አብዛኛው ተራ ስክሪን የሚመራው በእርሱ ነው። በስምምነቱ መሠረት ከቁጥሩ ወደ ብርሃኑ ለመድረስ ቁጥሩ መጀመሪያ ለ255 ይካፈላል። ውጤቱ ከ0.04045 የማይበልጥ ከሆነ ለ12.92 ይካፈላል፤ ከበለጠ ደግሞ 0.055 ተጨምሮበት፣ ለ1.055 ተካፍሎ፣ በ2.4 አርቢ ይሰላል። በዚህ ቀመር 128 የሚወክለው ከሙሉው ብርሃን 21.6 በመቶውን ብቻ ነው። ግማሽ ብርሃን የሚገኘው 188 አካባቢ ሲደረስ ነው።

ይህ ጠመዝማዛ መንገድ በመጀመሪያ ሲያዩት አላስፈላጊ ቢመስልም ዋጋው ትልቅ ነው። ዓይናችን በጨለማው በኩል ትንሽ የብርሃን ልዩነት ይለያል፣ በብሩሁ በኩል ግን ያንኑ ያህል ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። 256ቱ ደረጃዎች ለብርሃን መጠን በእኩል ቢከፋፈሉ ኖሮ ከ1 ወደ 2 ሲኬድ ብርሃኑ እጥፍ ስለሚሆን በጥላው ክፍል ደረጃ ደረጃ የሆነ መስመር ይታይ ነበር፤ ከ254 ወደ 255 ያለውን ልዩነት ግን ማንም አያይም። ስምምነቱን ከእኩል ክፍፍሉ ጋር ለማነጻጸር ባሰላሁት ሠንጠረዥ ላይ፣ በእኩል ክፍፍል ቁጥር 1 የሚወክለው ብርሃን በኤስአርጂቢ በ12 እና በ13 መካከል ይወድቃል፤ ይህም ማለት እኩል ክፍፍሉ ከጥቁር ቀጥሎ አንድ ደረጃ ብቻ ባለው ቦታ ላይ ኤስአርጂቢ 12 ደረጃዎችን አስቀምጧል። የቀድሞዎቹ ባለ መስተዋት ቱቦ ስክሪኖች ብርሃናቸው ከሚደርሳቸው ኤሌክትሪክ ጋር የነበረው ግንኙነት በአጋጣሚ ለዚህ የዓይን ጠባይ የቀረበ ነበር፤ ስምምነቱም የእነርሱን ጠባይ ይዞ የተጻፈ ነው።

እንግዲህ የሥራው ደንብ ተወሰነ። በፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ለማስቀመጫነት የተመቸ የብርሃን ስም ነው፤ መደመር፣ ማካፈልና መቀላቀል የሚደረገው ግን ስሙ ላይ ሳይሆን ብርሃኑ ላይ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ቁጥር ሲያነብ ወደ ብርሃን መጠን ይለውጠዋል፣ አማካዩን እዚያ ያሰላል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መልሶ ወደ ቁጥር ያገባዋል። ሁለቱንም መንገድ በተመሳሳይ ፎቶ ላይ አስኬድኩ። ነጭ ነጠላ ለብሰው በዛፍ ጥላ ሥር የቆሙ ሰዎች ባሉበት ክፍል ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በጥሬ ቁጥር አማካይ የነጠላው ዳርና የቅጠሉ ክፍተት ጠቁሮ ይወጣል፣ በብርሃን አማካይ ግን ጥራቱን እንደያዘ ይቀራል። ቀይና አረንጓዴ ተቀራርበው በሚገኙበት ቦታ ደግሞ የበለጠ ይብሳል፦ የ255 0 0 እና የ0 255 0 ጥሬ አማካይ 128 128 0 የሆነ ጭቃማ ቀለም ሲሆን፣ የብርሃኑ አማካይ ግን 188 188 0 ነው። ብዙ የታወቁ ፕሮግራሞች ዛሬም ምስል ሲያሳንሱ በጥሬ ቁጥር ያሰላሉ፤ ለፍጥነት ሲባል የተደረገ ምርጫ ነው፣ ለእኔ ሥራ ግን አይሆንም።

ጥቅምት 19

ክሮቹን የመለካት ሥራ። እያንዳንዱን ክር በነጭ ካርቶን ላይ ጥቅጥቅ አድርጌ ጠምጥሜ፣ ከአጠገቡ ነጭ ወረቀት አስቀምጬ ፎቶ አነሣሁ። መጀመሪያ ሆን ብዬ በቤት አምፑል ሥር፣ ከዚያም ከቤት ውጭ በጥላ ብርሃን አነሣኋቸው፤ የብርሃን ምንጩ ቁጥሮቹን ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ ለማየት ፈልጌ ነው።

በአምፑሉ ሥር ነጩ ወረቀት 250 226 190 ሆኖ ተመዘገበ። ዓይናችን ከብርሃኑ ጋር ስለሚለማመድ ወረቀቱን ነጭ አድርጎ ያየዋል፣ ካሜራው ግን የደረሰውን ይጽፋል። ለማስተካከል ሦስቱን ቁጥሮች ወደ ብርሃን መጠን ለወጥኩ፤ አረንጓዴው በ1.26 ገደማ፣ ሰማያዊው በ1.86 ገደማ ቢባዛ ከቀዩ ጋር እኩል ይሆናሉ። ይኸው ማባዣ በሁሉም ክሮች ላይ ሲሠራ አብዛኞቹ በጥላ ብርሃን ከተገኘው ቁጥር ጋር ተቀራረቡ። ሁለቱ ሰማያዊ ክሮች ግን አልተቀራረቡም። በጥላ ብርሃን ለመለየት የሚያስቸግሩት ሁለቱ ክሮች በአምፑሉ ሥር አንዱ ወደ ወይን ጠጅ ሲያዘነብል ሌላው ባለበት ጸና።

ይህ ከስሌቱ ጉድለት የመጣ አይደለም፤ ሦስት ቁጥር ከሚለው ሐሳብ ራሱ የሚመነጭ ነው። ከክሩ ላይ ተንጸባርቆ የሚመጣው ብርሃን በርካታ የሞገድ ርዝመቶችን የያዘ ሲሆን፣ በዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩት ህዋሳት ግን ሦስት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ያን ሁሉ ብርሃን ሦስት መጠን አድርገው ያጠቃልሉታል። በማቅለሚያቸው ፈጽሞ የተለያዩ ሁለት ክሮች በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር አንድ ዓይነት ሦስት መጠን ሊሰጡ ይችላሉ፣ ብርሃኑ ሲለወጥ ግን ይለያያሉ። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ሦስቱን መጠን ብቻ ስለሆነ የጠፋውን መልሶ ሊያገኝ አይችልም። በንድፉ ላይ ሁለቱን ሰማያዊ ክሮች ጎን ለጎን እንዳያስቀምጥ ለፕሮግራሙ ደንብ ጻፍኩለት።

የሦስት ቁጥር ሐሳብ በፎቶግራፍ መጀመሪያ የተፈተነው በሸማኔ ሥራ ላይ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1861 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ያሳየው የቀለም ፎቶግራፍ የስኮትላንድ ባለ ጥለት ጥብጣብ ምስል ነበር። ፎቶ አንሺው ቶማስ ሰተን ጥብጣቡን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ በኩል ደጋግሞ አነሣው፤ ጥቁርና ነጭ ሆነው የወጡት ምስሎች እያንዳንዳቸው በየማጣሪያቸው በኩል በብርሃን ግድግዳ ላይ ሲደራረቡ ቀለሙ ተመልሶ ታየ። ከመቶ ዓመት በኋላ ኮዳክ የተባለው የፎቶግራፍ ኩባንያ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በዚያ ዘመን የነበረው የፎቶ ማንሻ ኬሚካል ለቀይ ብርሃን ደንታ አልነበረውም፤ በቀዩ ማጣሪያ በኩል የተመዘገበው ቀዩ ጨርቅ ያንጸባረቀው ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። የቀይ ቁጥር የሚል ስም ያለው ነገር ሁሉ የግድ ቀይ ብርሃን የለካ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የዛሬ ካሜራም የራሱ ጉዳይ አለው። አብዛኛው ካሜራ የሚጠቀመው ብራይስ ቤየር በኮዳክ ሳለ በፈለሰፈውና በ1976 የባለቤትነት መብት ባገኘው አደራደር ነው፤ በብርሃን መቀበያው ላይ ካሉት ነጥቦች ግማሹ በአረንጓዴ፣ ሩቡ በቀይ፣ ሩቡ በሰማያዊ ማጣሪያ ተሸፍነዋል። እያንዳንዱ ነጥብ የሚለካው አንድ ቁጥር ብቻ ሲሆን የቀሩት ሁለቱ ከጎረቤቶቹ ተገምተው ይሞላሉ፤ በፎቶው ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁለት ሦስተኛው ግምት ነው ማለት ነው። ቀጫጭን ክሮች ጎን ለጎን በሚሄዱበት ጨርቅ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሌለ የቀስተ ደመና ቀለም የሚታየው ግምቱ ሳይሰምር ሲቀር ነው። ስለዚህ ክሩ በምስሉ ላይ ሰፊ ቦታ እንዲይዝ ቀርቤ አነሣሁ፤ አማካዩንም ያሰላሁት አብረቅራቂ ነጥቦቹን ትቼ ነው፤ ምክንያቱም 255 ላይ የደረሰ ቁጥር ትክክለኛው ብርሃን ምን ያህል እንደነበረ አይናገርም፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ተቆርጧል።

ከተገኙት ውጤቶች፦ ጥቁር ቀዩ ክር 168 24 38፣ አረንጓዴው 22 112 58፣ ቢጫው 236 190 40። አረንጓዴና ሰማያዊ መካከል ያለው ደማቁ ክር የቀይ ቁጥሩ 0 ሆኖ ተመዘገበ። ይህ ቀለም የኤስአርጂቢ ሦስት ብርሃናት ተቀላቅለው ሊሰጡት ከሚችሉት ክልል ውጭ በመሆኑ በትክክል ለመጻፍ ከ0 በታች የሆነ ቀይ ያስፈልገው ነበር። በስክሪኑ ላይ ይህ ክር ሁልጊዜ ከእውነቱ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ስክሪን መቀየር ካልሆነ በቀር መፍትሔ የለውም።

ጥቅምት 24

ስለ ጄፔግ አጭር ማስታወሻ። ከስልክ የተላኩ ፎቶዎች በዚህ ዓይነት ስለሚመጡ ልተወው አልችልም። ጄፔግ ሦስቱን ቁጥሮች በቀጥታ አያስቀምጥም፤ መጀመሪያ አንድ የብሩህነትና ሁለት የቀለም ልዩነት ቁጥሮች ያደርጋቸዋል። ብሩህነቱ የሚሰላው ከቀዩ 0.299፣ ከአረንጓዴው 0.587፣ ከሰማያዊው 0.114 በመውሰድ ነው፤ እነዚህ ማባዣዎች ከ1953ቱ የአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ደረጃ የተወረሱ ናቸው። ዓይን ዝርዝር የሚለየው በብሩህነት እንጂ በቀለም ስላልሆነ፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱ የቀለም ቁጥሮች ለአራት ፒክስሎች አንድ ብቻ ሆነው ይቀመጣሉ። ለመልክ የሚበቃ ቁጠባ ነው። በአረንጓዴ መደብ ላይ አንድ ፒክስል ብቻ የሚሰፋ ቀይ መስመር ጽፌ በዚህ መንገድ ሳስቀምጠው ግን ቀዩ ደብዝዞ ወደ ጎረቤቶቹ ፈሰሰ። ከዛሬ ጀምሮ የክር መለኪያ ፎቶዎች ጄፔግ አይሆኑም፤ ወደ ንድፍ የሚለወጡት ፎቶዎች ግን ወደ 120 ቤት ስለሚያንሱ ጉዳቱ በአማካዩ ውስጥ ይጠፋል።

ኅዳር 2

አሁን ለእያንዳንዱ ቤት ቅርቡን ክር መምረጥ ያስፈልጋል። ቅርብ የሚለውን የሚወስነው የርቀት ቀመሩ ነው። ቀላሉ መንገድ የሦስቱን ቁጥሮች ልዩነት እያንዳንዱን በራሱ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ የድምሩን ካሬ ሥር መውሰድ ነው። በዚህ ቀመር ከ0 0 255 እስከ 0 0 155 ያለው ርቀት 100 ነው፤ ከ0 255 0 እስከ 0 155 0 ያለውም 100 ነው። ሁለቱን ጥንዶች በስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን እኩል አይላቸውም፤ በሁለቱ ሰማያዊዎች መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ትንሽ ነው፣ በሁለቱ አረንጓዴዎች መካከል ያለው ግን ሰፊ ነው።

ስለዚህ በ1976 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ወዳወጣው ሲአይኢላብ ወደሚባለው ሥርዓት ተሻገርኩ። በዚህም ሥርዓት ሦስት ቁጥር አለ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ከ0 እስከ 100 የሚሄድ ብሩህነት፣ ሁለተኛው ከአረንጓዴ ወደ ቀይ፣ ሦስተኛው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለካ ነው። ቁጥሮቹ የተቀመጡት በሥርዓቱ ውስጥ ያለ ርቀት በተቻለ መጠን ዓይን ከሚያየው ልዩነት ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ነው። ከላይ ያሉትን ጥንዶች ሳሰላ የሰማያዊዎቹ ብሩህነት ከ32.3 ወደ 17.3፣ የአረንጓዴዎቹ ከ87.7 ወደ 55.5 ይወርዳል፤ አንደኛው 15፣ ሌላው 32 ነው። ዓይን የሚለውን ቀመሩም አለ።

ወደዚህ ሥርዓት የሚወስደው መንገድ በ1931 በተደረሰ ስምምነት በኩል ያልፋል። በ1920ዎቹ በእንግሊዝ ሀገር ዊሊያም ዴቪድ ራይት በ10 ሰዎች፣ ጆን ጊልድ ደግሞ በ7 ሰዎች ዓይን ሙከራ አደረጉ፤ ተመልካቹ በአንድ ወገን አንድ ጥርት ያለ የብርሃን ቀለም እያየ በሌላው ወገን ሦስት ብርሃናትን እየቀነሰና እየጨመረ እስኪመሳሰሉ ድረስ ያስተካክል ነበር። ከእነዚህ 17 ሰዎች ዓይን የተገኘው መረጃ ተጠቃሎ መደበኛ ተመልካች የሚባለው ሠንጠረዥ ወጣ፤ ዛሬም ፎቶ ሲነሣ፣ ስክሪን ሲመረት፣ ማተሚያ ሲስተካከል የሚጠቀሰው እርሱ ነው። የኤስአርጂቢ ብሩህነት ማባዣዎች፣ ማለትም ለቀይ 0.2126፣ ለአረንጓዴ 0.7152፣ ለሰማያዊ 0.0722 የሚሉት፣ የተሰሉት ከዚሁ ሠንጠረዥ ነው። ዓይን ከሦስቱ ብርሃናት ለአረንጓዴው የሰጠው ድርሻ ይህን ያህል ትልቅ በመሆኑ ነው ቤየርም ግማሹን ነጥብ ለአረንጓዴ የሰጠው። እነዚህ ማባዣዎች የሚሠሩት በብርሃን መጠን ላይ እንጂ በጥሬው ቁጥር ላይ አለመሆኑን አጥብቄ እጽፋለሁ፤ ብዙ የማስተማሪያ ጽሑፎች በጥሬው ላይ ሲያባዟቸው አይቻለሁና።

በፎቶው ላይ ሁለቱን ቀመሮች አነጻጸርኩ። በጥሬው ርቀት የጥላ ውስጥ ቆዳ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴው ክር ይወድቃል፤ ቁጥሮቹ ጨለማ ስለሆኑ ርቀቱ ትንሽ ሆኖ ይወጣል። በአዲሱ ቀመር ወደ ቡናማው ክር ተመለሰ። ለአንድ ሰው ፊት ይህ ለውጥ ትንሽ አይደለም።

ኅዳር 9

ክሮቹ 12 ብቻ ስለሆኑ ሰፊው ሰማይ በሁለት ወጥ ቀለም ተከፍሎ መካከሉ ላይ ድንበር የመሰለ መስመር ወጣ። የዚህ የታወቀ መድኃኒት ፍሎይድና ስታይንበርግ በ1976 ያሳተሙት ዘዴ ነው፦ አንድ ቤት የሚፈልገውን ቀለም ሳያገኝ ሲቀር የጎደለው ወይም የተረፈው ለጎረቤቶቹ ይከፋፈላል፤ በስተቀኝ ላለው 7፣ ከታች በግራ ላለው 3፣ በቀጥታ ከታች ላለው 5፣ ከታች በቀኝ ላለው 1 እጅ፣ ሁሉም ከ16። የሚከፋፈለው የብርሃን መጠን እንጂ ጥሬው ቁጥር አይደለም። ውጤቱ በስክሪን ላይ እጅግ የሚያምር ነበር፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ሳይቆራረጥ ደበዘዘ።

ንድፉን ጥለት ለብዙ ዓመታት ለሠሩ አንድ አባት አሳየኋቸው። ወረቀቱን አዙረው አዙረው ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይኼ ነጠላ ነጠላ ነጥብ ለእጅ አይመችም፤ ክሩን ባነሣሁ ባስቀመጥኩ ቁጥር ቀኑ ያልቃል። ሦስትም አራትም ቤት አንድ ላይ ቢሄድ ነው ደግ» አሉኝ። ሥራውን የሚሠሩት እርሳቸው ስለሆኑ ንድፉ ለእጃቸው መገዛት አለበት። ዘዴውን እንዲህ አሻሻልኩት፦ ፕሮግራሙ ክር ሲቀይር የተወሰነ ዋጋ ይከፍላል፣ ዋጋውም በቀለም ርቀቱ ላይ ይደመራል፤ ስለዚህ የቀለም ጥቅሙ ከድካሙ ካልበለጠ ያለበትን ክር ይዞ ይቀጥላል። ዋጋው ከፍ ሲል ሰማዩ ረዣዥም አግድም ጭረቶች ያሉት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለጥለት እንግዳ አይደለም። የዋጋውን ልክ እርሳቸው እያዩ መረጡት።

ኅዳር 14

የመጨረሻው ፋይል ቅርጽ ተወሰነ። ቤቶቹ 120 በ90፣ በድምሩ 10,800 ናቸው። ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ባይት ቢሰጥ 32,400 ባይት ይፈጅ ነበር፤ ነገር ግን 12 ክሮችን ለመለየት 4 ቢት ስለሚበቃ 5,400 ባይት በቂ ነው። የክሮቹ ዝርዝር ከእነ ኤስአርጂቢ ቁጥሮቻቸው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። በ1987 የወጣው ጂፍ የተባለው የምስል ዓይነት እስከ 256 ቀለማት የሚይዝ ዝርዝር አስቀድሞ ጽፎ ፒክስሎቹን በተራ ቁጥር የሚጠቅሰው በዚሁ ዘዴ ነው።

የዚህ ቅርጽ ትልቁ ጥቅም ቦታ መቆጠቡ አይደለም። በቤቱ ውስጥ ያለው 7 ቁጥር ቢጫው ክር ማለት ነው፤ በስክሪኑ ላይ 236 190 40 ሆኖ መታየቱ ለእይታ ብቻ የተጻፈ ግምት ነው። ክሩ በሌላ ብርሃን እንደገና ተለክቶ ቁጥሩ ቢሻሻል ከ10,800ው ቤት አንዱም ሳይነካ ንድፉ በአዲሱ ቀለም ይታያል። ሸማኔውም የሚቀበሉት ወረቀት ላይ ቀለም የለበትም፤ በየረድፉ የክሩ ቁጥርና የቤቱ ብዛት ተጽፏል፣ ለምሳሌ «7 ክር 14 ቤት፣ 2 ክር 5 ቤት»። ማተሚያው ቢጫውን ቢያደበዝዝ ወይም ወረቀቱ በአምፑል ሥር ቢነበብ የሚለወጥ ነገር የለም።

የቀረው ሥራ የቤቶቹ ቅርጽ ነው። በሽመናው ላይ አንድ ቤት ከወርዱ ይልቅ ቁመቱ የሚያጥር ስለሆነ ካሬ ተብሎ የተሰላው ንድፍ ሲሸመን ፊቱን ያሳጥረዋል። የመጀመሪያው የሙከራ ቁራጭ ሲወርድ ቁመቱን ለክቼ የረድፎቹን ብዛት አስተካክላለሁ፤ በቁራጩ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰማያዊ ክሮችም በፀሐይና በአምፑል ተነጻጽረው፣ ከሁለቱ አንዱ ከዝርዝሩ ይወጣል።